ስሙን የካደው ፎርድ

ከብቸና የተነሣሁት ዓርብ ማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ለእህቴ ባል ለደምሴ አሮጌ የፎርድ ጭነት መኪና የውሃ ፓምፕ ከሞጣ ይዤ መመለስ። መኪናው እስከ ሰኞ ካልተነሣ ከጭነት ማኅበሩ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጥ ሌላ ዕጣ የለውም። ደምሴም ሌላ እንጀራ የለውም።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ካድሬዎቹ “የኢምፔሪያሊስት መኪና” እያሉ ሲያፌዙበት ፈራና በኮፈኑ ላይ የነበሩትን ፎርድ የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት በመሮ ነቅሎ፣ የሶቪየት እንዲመስልለት በቀይ ቀለም “ዚል” ብሎ ጻፈበት። ማኅበሩም ዚል ብሎ መዘገበው። ፓምፑ አርጅቶ ሲያልቅ ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጣለት የዚል ፓምፕ ነው! ቢገፉት፣ ቢቀጠቅጡት አልገጥም አለ።

ደብረ ወርቅ፣ ረፋድ ላይ

አውቶብሱ ጭቃውን እየታገለ ደረሰ። የጤፉ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። ዓርብ ስለሆነ ሽሮዬን በልቼ ተሳፈርኩ።

ሞጣ፣ ከሰዓት በኋላ

አያ ሞላ ዕድሜያቸውን በፎርድ መሪ ላይ የጨረሱ ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ጋቢናው የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ፓምፑ ግን ደኅና ነው።

“የደምሴን መኪና ያውቁታል፣ አያ” አልኳቸው።

“የቱን? ያንን ዚሉን?”

አፈርኩ። “ፎርድ ነው እንጂ። ፈርቶ ነው።”

“እኔ በዚህ መኪና ስንት ሙሽራ አድርሻለሁ፤ ልጄ ነው። ስሙን ለካደ አካሉን አልሰጥም።”

“እንግዲያው ሰኞ ለብረት መሸጡ ነው።”

 መፍቻቸውን አምጥተው ፓምፑን ራሳቸው ፈቱት። የራሳቸውን መኪና አራት ፊደላትም ነቅለው በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። “ይህንን ይለጥፍ። ያለዚያ ፓምፔን መልስ።”

ደስታዬና ፍርሃቴ እኩል ሆነ።

ብቸና፣ ቅዳሜ

ደምሴ ፊደላቱን ሲያይ “ልታሳስረኝ ነው?” አለ። ፓምፑን ግን ገጠመ፤ ሞተሩም ተነሣ። ፊደላቱን በእጁ እያገላበጠ ቆየና ኮፈኑን አንሥቶ ከውስጥ በኩል፣ ከሞተሩ በላይ፣ በሽቦ አሰራቸው። ሰው የሚወደውን ስም የት እንደሚያኖር ያን ቀን ተማርኩ። ሰኞ መኪናው ጤፍ ጭኖ ወደ ደጀን ወረደ።

በሳምንቱ በመኪናው ለምስጋና ሞጣ ሄድን። አያ ሞላ ቀዩን ጽሑፍ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም የድሮ ሾፌር ናቸውና ሞተሩን ሊያዳምጡ ኮፈኑን አነሡ። ፊደላቱን አዩ። ቶሎ ዘጉትና ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ ኮፈኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ ጮክ ብለው ተናገሩ፦

“ጥሩ ዚል ነው!”