ደም አድራቂው ቪዲዮ ቤት የገቡ ዕለት

ቆቦ ላይ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ፣ አንድ የገበያ ቀን አጎቴ ከጎብዬ መጥተው ከወጣቶቹ መሃል ተቀመጡ። አጎቴ በአካባቢው የታወቁ ደም አድራቂ ናቸው። ሰው ሲገደል በገዳይና በሟች ዘመዶች መካከል እየተመላለሱ ያስታርቃሉ። ፊልም አይተው አያውቁም ነበር።

የከፈትኩት የህንድ ፊልም ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው የሚወዳትን ልጅ እንኳ ትቶ ገዳዩን ከከተማ ከተማ ያሳድደዋል። ቋንቋውን የሚችል ስላልነበረ እኔ ከተዋናዮቹ ሁኔታ እየገመትኩ እተረጉማለሁ። በመጨረሻ ገዳዩ ተገደለና ወጣቶቹ አጨበጨቡ።

አጎቴ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ሽማግሌ የላከ የለም እንዴ?"

"ማንም አልላከም፣ አጎቴ።"

"ታዲያ ምኑ አለቀ? የአሁኑ ሟችስ ወንድም የለውም?"

በሚቀጥለው ገበያ አንድ ሼህና አንድ ቄስ አስከትለው መጡና ያንኑ ፊልም እንደገና አስከፈቱኝ። ተበቃዩ ጠመንጃውን ሲያነሳ አጎቴ "እዚች ጋ አቁመው!" አሉ። አቆምኩት። ሦስቱም ማን ቀድሞ መሄድ እንዳለበት፣ የሟች እናት በማን በኩል እንደምትለመን ይመክሩ ጀመር። ያጉረመርማሉ ብዬ የፈራኋቸው ወጣቶች ሳይቀሩ ገቡበት።

"የልጅቷ አባት ይሻላል፤ ገዳዩም ተበቃዩም ያከብሩታል" አለ አንዱ።

"ይሄ ልጅ ገብቶታል" አሉ አጎቴ ደስ ብሏቸው።

ፊልሙን ሳንጨርሰው መሸና ሰዉ ተበተነ። ህንድ አገር እንደ አጎቴ ያለ ሰው ይኖር እንደሆነ እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ።