ሾርባው አልገደላቸውም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ ስናዘዝ ኖሬ ይህችን ብቻ እዘላታለሁ። አው አብዱላሂን የገደልሁ እኔ ነኝ።

አው አብዱላሂ (አው በአገሩ ቋንቋ አባት ማለት ነው) በጀጎል ግንብ ውስጥ የታወቁ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በፈረንጅ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ። አንጀታቸው ቢታነቅ ሐኪሙ ሆዳቸውን ከፍቶ ፈታላቸው። ከዚያ አጥብቆ አዘዘኝ። ሆድ ከተከፈተ በኋላ አንጀት ይተኛል፤ መንቃቱ የሚታወቀው ነፋስ ሲወጣ ነው፤ እስኪወጣ ምንም እንዳይቀምሱ፤ በየማለዳው ጠይቃቸው አለኝ።

ምን ብዬ ልጠይቅ? አልጋውን ሴቶች ልጆቻቸውና አማቻቸው ከበውታል። ሲገቡ ሰው ሁሉ ከመደብ የሚነሣላቸው ሽማግሌ "ፈሱ ወይ?" ይባላሉ? በእኛ አገር በዚህ ነገር ስም የወጣለት ሰው ነገሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው "እንዴት አደሩ?" አልኋቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ወደ ሐኪሙ ዞሬ "ወጥቷል" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁ። ሰው እያጣጣረም አልሐምዱሊላህ እንደሚል አላውቅም ነበር? አሳምሬ ዐውቃለሁ።

ሐኪሙ ሾርባ ፈቀደ። ሚስታቸው እማማ ፋጡማ ደስ ብሏቸው ሠርተው አመጡ፤ በገዛ እጃቸው አጠጧቸው። ከቀትር በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ያስመልሳቸው ጀመር። ሐኪሙ "ወጥቷል ብለኸኝ አልነበረም?" አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? "አዎን፣ ብለዋል" አልሁት። ዋሸሁ፤ ደገምሁት። በማግስቱ ዐረፉ።

በለቅሶው እማማ ፋጡማ ደረታቸውን እየደቁ "ሾርባዬ ገደላቸው!" ይሉ ነበር። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም፤ ከሰው ኋላ ተሸጎጥሁ።

ዛሬ ሼህም ይሁን ቄስ ያንን ጥያቄ በሰው ፊት እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ስቆ ይመልስልኛል። ለካ ያፈርሁት እኔ እንጂ እሳቸው አልነበሩም፤ እሳቸውማ መቼ ተጠየቁ?

እማማ ፋጡማ አሁንም አሉ። ለዒድ እንኳ ሾርባ አይሠሩም። በደጃቸው ሳልፍ "ልጄ፣ ውለታህን አልረሳም፤ ከአልጋቸው ያልተለየህ አንተ ነህ" ይሉኛል። እጃቸውን ስሜ አልፋለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ የሚለመነው ለእሳቸው ከነገርሁ በኋላ ነው። አልነገርኋቸውም።