የባያን ሾፌሮች ቤንች

ኩዌት ውስጥ የሐበሻ ልጆች የሚጫወቱበት የአርብ ሊግ አለ። አዘጋጆቹ «ከፊል ፕሮፌሽናል» ይሉታል። ፕሮፌሽናል የሆነው ከፊሉ የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ ማሊያው እንዳይባል ቁጥሩ በሁለተኛው እጥበት ይለቃል። ስምንት ክለቦች አሉ፤ ሁሉም የሰፈራቸውን ስም ይዘዋል። የራይዎቹ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩና አንድ ካምፕ የሚያድሩ ስለሆኑ በየቀኑ ይለማመዳሉ፤ አንዱ ዞሮ ሳያይ ለሌላው ያቀብላል። የጀህራዎቹ የገበያ ጫኝና አውራጆች፣ ዘበኞችም ናቸው፤ በትከሻቸው አንዴ ከገጩህ እስከሚቀጥለው አርብ አትረሳቸውም። እኛ የባያኖቹ የቤት ሾፌሮች ነን። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠን ስለምንውል ቦርጭ አለን።

እኔ በረኛ ነበርኩ። የክለባችን ልጆች ከእጁ አፉ ይበልጣል ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው፤ እጄም ደህና ነበር።

የጎዳን ግን ቦርጩ አልነበረም፣ ስልኩ ነው። አርብ እረፍት ነው ይባላል እንጂ የቤት ሾፌር እረፍቱ ማዳም እስክትደውል ድረስ ነው። ጨዋታው መሃል ላይ አጥቂያችን ልጆቹን ከዋና ለማምጣት ይጠራል፤ ተከላካያችን አሠሪውን ዲዋኒያ፣ ወንዶች ተሰብስበው ወደሚያመሹበት፣ ለማድረስ ከነታኬታው ይሮጣል። ስለዚህ ሊጉ ለእኛ ብሎ ያወጣው ሕግ አለ፦ ማዳም የጠራችው ተጫዋች ሲወጣ ቅያሪ አይቆጠርም፣ ጉዳዩን ጨርሶ ከተመለሰም ይገባል። ሌሎቹ ክለቦች ይህን የተቀበሉት አዝነውልን እንዳይመስላችሁ። መሳቂያ ስለሆንን ነው። አጥቂያችን ኳስ ይዞ ወደ ጎል በተጠጋ ቁጥር የጀህራ ደጋፊዎች በአንድ ድምፅ «የላ፣ ማዳም ጠራችህ!» ይሉታል። እሱም አንዳንዴ እውነት መስሎት ይቆማል።

ስልኮቹን የሚይዙልን ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ያለው ቪላ ሾፌር ናቸው፤ እኔ ባያን ስመጣ እሳቸው እዚያ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ክለቡን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ግን ቦታቸው ቤንች ላይ ሆነ። የቴምር ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገው ስልኮቻችንን ይደረድሩበታል። ሲደወል አንስተው በትሕትና «ሓዲር ማዳም፣ እሺ፣ አሁን ይመጣል» ይላሉ፤ ከዚያ ብጫ መሀረብ ከፍ አድርገው ባለቤቱን ይጠራሉ። መሀረቡ ከተነሳ ኳሱ እግርህ ላይ ቢሆንም ትተህ መሮጥ ነው። ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ሰው ሦስት አርብ አይሰለፍም። «እንጀራ የሚያሳጣ ኳስ በእኔ ቤንች የለም» ይሉ ነበር። እኔም አንዴ ተቀጥቻለሁ፤ ሦስቱንም አርብ አኩርፌ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር፤ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ አበሉኝ።

ባለፈው ውድድር የመጨረሻው ጨዋታችን ከጀህራ ጋር ሆነ። ሜዳው ከስምንት ክለብ በላይ አይችልም፤ ውራ የወጣው ለቆ፣ ወረፋ ለሚጠብቅ አዲስ ክለብ ቦታውን ያስረክባል። እኛ ውራ ላለመሆን ቢያንስ አቻ መውጣት ነበረብን። ለእኛስ እሺ፣ እንደምንም እንጽናናለን። ጋሼ ግን ጨርሰው ወደ አገር ሊገቡ ሳምንት ነው የቀራቸው። ሽኝት እናድርግልዎ ስንላቸው፣ «ክለቡን በሕይወት እያለ ትቼው ልሂድ እንጂ ሌላ ሽኝት አልፈልግም» አሉን።

የዚያን ቀን አየሩ ብርድ ብርድ ይል ነበር፤ ለኳስ የሚመች ነው። ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጥተው ከመስመሩ ዳር ቆመዋል። ጠዋት ሲያስቀድሱ ያረፈዱ ናቸው ብሎ የተዘናጋ ዳኛ ወዮለት፤ ከእነሱ ስድብ የወንዶቹ ጩኸት ይሻላል። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ መሀረቡ ሁለት ጊዜ ተነሳ። አንዱ የመስመር ተጫዋቻችን ነበር፤ ሌላው ቤንች ላይ የተቀመጠው ተቀያሪው በረኛ። ሁለቱም አልተመለሱም። እንዲያም ሆኖ ከማዕዘን ምት አንድ አገባን፤ በምን እንዳገባን ዛሬም አልገባኝም፣ የተከላካያችን ጀርባ ነክታ ነው መሰለኝ።

ከእረፍት በኋላ ጀህራዎች አቻ አደረጉና እላያችን ላይ ሰፈሩብን። ቤንቹ ከእኔ ራቅ ብሎ በሌላው አጋማሽ ነው፤ ፀሐዩ ደግሞ ፊት ለፊት ይወጋኛል። ተከላካዮቼን ስሳደብ ቆየሁ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንዱ ተከላካያችን፣ ያው ጀርባው ጎል ያገባው፣ ኳስ በእጁ ነካ። ፍጹም ቅጣት ምት። መቺው ትከሻው በር የሚያክል የጀህራ አውራጅ ነበር። እኔ ወደ ቀኝ ወደቅሁ፣ ኳሷ ወደ ግራ ሄደች፣ ቋሚውን መትታ ወጣች። ዳኛው ነፋ። አቻ! ተረፍን! ሴቶቹ እልል አሉ።

ሁላችንም ጋሼን ልንሸከም ወደ ቤንቹ ሮጥን። ቤንቹ ባዶ ነበር። ካርቶኑ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ስልኮቹ ተደርድረዋል፣ ጋሼ የሉም። መኪናቸውም የለም።

ንዴት ቶሎ ነው የሚይዘኝ። «ፍጹም ቅጣት ምቱን ማየት ፈርተው ነው» አልኩ፤ ከዚያም የባሰ ተናገርኩ። ስልኬን አንስቼ ሳየው ግን ማዳም ከእረፍት በኋላ ደውላ ነበር። ያልተመለሰ ጥሪ አይደለም፣ ተነስቶ የተወራበት ነው። ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ኬኩን እያስረከብኩ ነው» ብለው ዘጉት።

ማሊያዬን ሳልቀይር ወደ ባያን ነዳሁ። ስደርስ የእኔ ቤት በር ላይ መኪናቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማዳም የእህቷን ልጅ ልደት ረስታ ኖሮ ሳልሚያ ካለ ኬክ ቤት ትልቅ ኬክ እንዳመጣ ነው የደወለችው። ጋሼ «የልጁ መኪና ተበላሽቷል» ብለው፣ በራሳቸው መኪና ሄደው አመጡላት። ለዓመታት የሚያውቋት ሴት ናት፤ አመስግናቸው ገብታለች። በኩዌት ያዩት የመጨረሻ ጨዋታ እንዲህ ለኬክ ተሠዋ።

«ጋሼ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መሀረቡን ለምን አላነሱም?» አልኳቸው።

«አንተን አስወጥቼ ማንን ላቁም? ተቀያሪህ ሄዷል።» እጃቸውን በመሀረባቸው ጠረጉ፤ ክሬም ነክቷቸዋል። «አንድ ሰው መሄድ ነበረበት፤ እዚያ ከነበርነው ሁሉ የማላስፈልገው እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን ስለ ጋሼ ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን በጓንቴ ፊቱን እለው ነበር። እሳቸው ስለ ራሳቸው ሲሉት ግን ምን ይባላል? አፈኛው ሰው አለቀስኩ፤ ሾፌር መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ማየት ለባያን ብርቅ ሳይሆን አይቀርም። ከግማሽ ሰዓት በፊት የተናገርኩባቸውም ትዝ እያለኝ አፈርኩ።

«ተው እንጂ! ይልቅ ስንት ወጣን?»

«አቻ። ተርፈናል።»

ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ከዚያ የመኪናቸውን በር ከፍተው ተቀመጡና፣ እኔንም ከጎናቸው አስቀምጠው ከሄዱበት ደቂቃ ጀምሬ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ነገርኳቸው። ፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ ስደርስ በጣቴ ጫፍ ገፍቼ ከቋሚው ጋር አጋጨኋት አልኩ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ያቺ ውሸት እስከ ዛሬ አልቆረቆረችኝም።

«ዳኛው ሲነፋ ቤንች ላይ ማን ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ማንም።»

ፊታቸው ጠቆር አለ። «ይሄ ጥሩ አይደለም። ሰው ሮጦ ሲጨርስ የሚመጣበት ያስፈልገዋል።»

በሳምንቱ ሄዱ። አዲሱ ውድድር ሲጀመር ጓንቴን ለተቀያሪው በረኛ ሰጠሁት። ደህና ልጅ ነው፤ እኔን አያክልም እንጂ። በመጀመሪያው አርብ ራይዎች አራት አገቡበት፤ እኔ ደግሞ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ በአንድ እጄ መሀረብ አነሳለሁ፣ በሌላው ዳኛውን እሰድባለሁ፣ መሃል ላይ «ሓዲር ማዳም» እላለሁ።

ጋሼ አርብ አርብ ከአገር ይደውላሉ። ከውጤቱ በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ ጋሼ።»