አምበር ላይ የማይቆሙት መኪኖች

የብርጓል ግራ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀጭን ነው። ትኩሳት መታት፣ ጠበል ተወሰደች፣ ነፍሷ ተረፈች፣ እግሯ ግን እንደዚያው ቀረ። ቆማ ላያት ሰው አያስታውቅም። ስትራመድ ነው ጉልበቷን በእጇ ደገፍ እያደረገች የምትሄደው። አባቷ እርሻ እንደማይሆናት ቀድመው ስላወቁ ልብስ ስፌት አስተማሯት። እሳቸው ሲሞቱ ለየብርጓል የቀራት ይኸው ሙያ፣ አምበር ከተማ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት፣ እንዲሁም ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው እናቷ፣ ማንጠግቦሽ ነበሩ።

አምበር ተቀምጦ ልብስ እየሰፉ መኖር ድሮ ቀረ። ዛሬ ገበሬውም ለልጁ የተሰፋውን ከገበያ አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የብርጓል ደብረ ማርቆስ ወጥታ፣ ሄለን የምትባል ሴት የተማሪ ደንብ ልብስ በምታሰፋበት ቤት ተቀጠረች። ማርቆስ ቤት ተከራይታ እናቷን ይዛ እንድትገባ የመከሯት ብዙ ናቸው፤ እሷም ሞክራው ነበር። ማንጠግቦሽ ግን በኪራይ ቤቱ የሰው ግድግዳ እየዳበሱ ሲያለቅሱ ከረሙ። አምበር ላይ ዓይናቸው ባያይ እጃቸውና እግራቸው ያውቃል፤ ከምድጃው እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መሪ አይሹም። የብርጓል አንጀቷ አልችል ብሎ መለሰቻቸውና ራሷ በየቀኑ መመላለሱን ያዘች።

ያን ጊዜ መንገዱም መንገድ ነበር። ክንዴ የሚባል ሾፌር ከሉማሜ እየተነሣ ማርቆስ የሚያደርስ የሌላ ሰው አሮጌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እግሯን አንድ ቀን አየና፣ ከዚያ በኋላ የጋቢናውን ወንበር ለማንም አልሰጥ አለ። ሉማሜ ላይ እዚያ ልቀመጥ የሚል ሰው ሲመጣ ወንበሩ አምበር ላይ ባለቤት አለው ብሎ ይመልሰዋል። እሷ አስቀምጥልኝ ብላው አታውቅም። በመንገድም ብዙ አያወሩም። የእናቷን ጤና ይጠይቃታል፤ ደህና ናቸው ትለዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው የጤፉን ማሳ እያዩ ይደርሳሉ። የብርጓል ከዕድሜዋ ሁሉ ደስ ብሎኝ ኖርኩ የምትለው እነዚያን ዓመታት ነው።

ኋላ አገሩ ተበላሸ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። ተኩስ ተሰማ በተባለ ቁጥር ባለ መኪና ሁሉ መኪናውን ግቢው ውስጥ ያስራል። ተከፈተ ሲባል ደግሞ ነዳጅ የለም። መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ቤቱ የከረመ ሰው ሁሉ፣ በሽተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው፣ በአንድ ጠዋት ይወጣና ለጥቂት መኪና ይጋደላል። ለዐሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ሚኒባስ ሃያ አምስቱ ይጫናል፤ ሰው በሰው ጭን፣ ሰው በጆንያ ላይ።

አምበር ደግሞ መኻል ነው። ከሉማሜ የሚመጣው እዚያው ሞልቶ ይመጣል፤ ከማርቆስ የሚመለሰውም መናኸሪያው ውስጥ ሞልቶ ይወጣል። ለአጭር መንገድ የሚሳፈር ሰው ለሾፌር ብዙም አይጠቅመው። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ሊያወርድ የቆመ እንደሆነ በሩ ላይ ያለው ግፊያ ሌላ ነው፤ ጎልማሳው በመስኮት ይገባል፣ ሴቱ ነጠላው ተቀዶ ይቀራል። የብርጓል አንድ ጠዋት እጀታውን ያዝኩ ስትል ከኋላ ገፏትና ከመኪናው ሥር ወደቀች። ያነሣት ሰው ይቅርታ ጠየቃትና እሱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ትቆማለች እንጂ አትጋፋም። ረፋድ ላይ ማንም የሚወስዳት ሲጠፋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የክንዴም ጋቢና ጋቢና መሆኑ ቀረ። ሉማሜ ላይ ሦስት ሰው ይገባበታል፤ አይሆንም ቢል መኪናውን ሊገለብጡበት ይደርሳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሲያልፋት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ይቅርታ ይላታል። ቆይቶ ወደ እሷ ማየት ተወ። የብርጓል አልተቀየመችውም፤ ግን መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ ታየዋለች።

ሄለን ክፉ ሴት አይደለችም። ዝም ብላ ብዙ ቻለቻት። ክረምቱ ሲገባ፣ የደንብ ልብሱ ሥራ ሲበዛ ግን፣ አጠገቧ ተቀመጠችና ነገሩን ነገረቻት።

«እታለም፣ አንቺ በቀረሽ ቀን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ወይ እዚሁ ሱቁ ውስጥ እደሪ፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ።»

የብርጓል ሌላ ምን መንገድ ነበራት? ከሰኞ እስከ ዐርብ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል እየተኛች ለሰንበት ወደ እናቷ ልትመለስ ተስማማች። ጎረቤቷ ሥራነሽ እናቷን እንድታይላት ቃል ገባች። ማንጠግቦሽም እሺ አሉ። ዐርብ ዐርብ ግን ከቀትር ጀምሮ ደጃፍ ወጥተው ይቀመጣሉ። በድምፅ መኪናውን ከመኪና መለየት ለመዱ፤ የቆመውን፣ ያለፈውን ያውቃሉ።

በነሐሴ አንድ ዐርብ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አብሮ ጠፋ። የብርጓል ማርቆስ መናኸሪያ እየሄደች፣ ባዶውን አስፋልት እያየች ተመለሰች። ሰንበቱ አለፈ። ማንጠግቦሽ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እህል እንቢ አላቸው፤ ሥራነሽ ትመጣለች ብትላቸው አይሰሙም። መንገዱ ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲሰሙ ሥራነሽ ከብት ልታስገባ ወጥታ ነበር። ማንጠግቦሽ በትራቸውን ይዘው በዝናቡ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ከቆመው መኪና የሚወርደውን ሁሉ «ልጄን አላያችኋትም?» እያሉ ይጠይቁ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ኋላ ተናገሩ። ያ አስፋልት እግራቸው የማያውቀው ቦታ ነው። ሲመለሱ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ወደቁ።

በማግስቱ ማርቆስ የዘለቀ የአምበር ሰው ለየብርጓል ሱቁ ድረስ መጥቶ ነገራት። ቁልፍ ስትተክልለት የነበረውን ሸሚዝ መርፌው እንደተሰካበት ትታው ወጣች። መናኸሪያው አፍ ላይ እህል ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ ሾፌር አዘነላት፤ ሰዎች አንሥተው ከጆንያው ላይ አስቀመጧት። ቤቷ ስትደርስ ወጌሻው አካለ ወልድ እናቷ ዘንድ ነበር። ዳሌያቸውን ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ።

«ይኼ ለእኔ እጅ አይሆንም» አላት። «ሆስፒታል አድርሻቸው።»

አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ገብቷል ተባለ። የሰፈር ወንዶች ቃሬዛ ሠሩ። በሚቀጥለው ጠዋት ገና ሳይረፍድ ማንጠግቦሽን ተሸክመው አስፋልቱ ዳር አሳረፏቸው፤ የብርጓል ራስጌያቸው ቆማ ለሚመጣው ሁሉ እጇን ዘረጋች። አንዱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አለፈ። ሌላው አለፈ። ሦስተኛው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቃሬዛውን አይቶ፣ እንደገና ነዳጁን ረገጠ።

ከዚያ ክንዴ መጣ። እሱ ቆመ። ወረደና ማንጠግቦሽን ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፤ ከዚያ የሚኒባሱን በር በሰፊው ከፈተው። ውስጡ ያለው ሰው ከብዛቱ የተነሣ የማን እጅ የማን እንደ ሆነ አይለይም።

«ወገኖቼ» አለ፣ «የኋላው ወንበር ይለቀቅና እኚህን እናት አስተኝተን እናድርሳቸው። የወረዳችሁትን ተመልሼ እወስዳችኋለሁ።»

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ፊቱ የገረጣ ሰው፣ እኔም የምሄደው ሆስፒታል ነው፣ መንገድ እየተዘጋ ቀጠሮዬ ሁለት ጊዜ አለፈኝ አለ። አንዲት እናት ያቀፈችውን ሕፃን ገለጥ አድርጋ አሳየች፤ ሕፃኑ ይቃትታል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በቀስታ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ተመልሰህ የምትመጣበት ነዳጅ አለህ?»

ክንዴ ወደ መሬት አቀረቀረ። አልነበረውም።

የብርጓል ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ቢቆጡ፣ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር፤ የምትጠላው ሰው ታገኝ ነበር። አንድም ክፉ ሰው አላየችም። ሁሉም ከንጋት ጀምሮ ቆሞ፣ ተጋፍቶ፣ ተረግጦ የገባ ነው። እሷስ ብትሆን ከዚያ ወንበር ትነሣ ነበር? እንጃ።

ማንጠግቦሽ በጋቢው ውስጥ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «ክንዴ፣ ሂድ ልጄ» አሉ። «በኔ የተነሣ ሰው አታስወርድ።»

ክንዴ በሩን ዘጋው። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

እነሱ እስከ ቀትር ጠበቁ። በእግራችን ተሸክመን እንውሰዳቸው ያሉም ነበሩ፤ ግን ቃሬዛው በተነቃነቀ ቁጥር አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያሰሙትን ድምፅ ማንም ሰምቶ ሊታገሠው አልቻለም፤ መንገዱም ያስፈራ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቤታቸው መለሷቸው። በማግስቱ እንደገና ወጡ፤ የቆመላቸው የለም። ቀጥሎ መንገዱ ጭራሹን ተዘጋ።

ማንጠግቦሽ ከዚያ አልጋ አልተነሡም። ጀርባቸው ቆሰለ። የብርጓል እያገላበጠች፣ ቁስላቸውን በሞቀ ውኃ እያጠበች ከረመች። በዚያ መካከል መንገዱ ተከፈተና የመኪና ድምፅ ተመለሰ፤ የእናቷ ሰውነት ግን ከእንግዲህ ከአልጋ የሚነሣ አልነበረም። መኪና በተሰማ ቁጥር «ይኼኛው ቆመ?» ይሏታል። አልቆመም ትላቸዋለች። አንድ ቀን እንዲያርፉላት ብላ «ቆመ፣ እማ» አለቻቸው። እናቷ ፈገግ ብለው «እንግዲያ ጫማዬን አምጪው» አሏት። የብርጓል ደጅ ወጥታ ከግድግዳው ተጠግታ አለቀሰች እንጂ ጫማውን ማምጣት አልቻለችም። ማንጠግቦሽ ለመስቀል አልደረሱም።

ክንዴ በለቅሶው መጥቶ ከድንኳኑ ዳር ተቀመጠ። ሰው ሲበተን ተጠጋትና አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«ያን ቀን የጋቢናዎቹን እንኳ በግድ ባወርድ ኖሮ…»

«ጋቢና ሰው አያስተኛም፣ ክንዴ» አለችው።

ይቅር ልትለውም ልትወቅሰውም አልፈለገችም፤ ሁለቱም ጉልበት ይፈልጋሉ። እሱ ዓይኑን በነጠላው ጠረገና፣ ባለንብረቱን መኪናህን ውሰድ እንዳለው፣ ከእንግዲህ እንደማይነዳ ነግሯት ሄደ።

ስልኩ ሲመለስ ሄለን ደወለች። ስለ እናቷ እያለቀሰች ካጽናናቻት በኋላ፣ ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተ ሌላ ልብስ ሰፊ መቅጠሯን ነገረቻት። የብርጓል እግዜር ይስጥሽ አለችና ዘጋች። መቀሷና የጣት ቆቧ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀርተዋል። ሥራነሽ ሂጂና ቢያንስ ዕቃሽን አምጪ ብላ ለመነቻት፤ እሺ ትላታለች፣ አትሄድም።

አሁን ለእህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ትጠቅማለች። የሸሚዝ አንገት ይሠሩ የነበሩ ጣቶቿ በሲባጎው ሻክረዋል። ሥራዋን የምትሠራው በኋለኛው ክፍል ነው፤ የፊተኛው ክፍል ወደ አስፋልቱ ያያል። ሲመሽ ወስፌውን ባለበት ታስቀምጥና መብራት ሳታበራ ትቀመጣለች። ሥራነሽ እራት ይዛላት ስትመጣ አንዳንድ ቀን ትቀምሳለች። አንዳንድ ቀን እንደ ተከደነ ይመለሳል።