ሳልቀምስ የሠራሁት አላሞድ

በዳውንታውን አትላንታ ሆቴሎች እንደ እኔ ፓይ የጋገረ ሐበሻ የለም። አለ የሚል ካለ መጥቶ ሊጡን ያሳየኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁበትም፤ በዓይኔ ነው የተማርኩት።

ሆቴሉ ለሥራ የገባሁ ዕለት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። አስተናጋጁ "አፕል ፓይ አላሞድ" እያለ ሲጣራ ሰላጣ ከታፊውን የወሎ ልጅ ሰይድን ጠየቅኩት።

"በሊጥ ውስጥ ፖም የተጋገረበት ትኩስ ፓይ ላይ አይስክሬም ጣል ማድረግ ነው፣ ጋሽ ታደሰ። በፈረንሳይኛ 'እንደ ፋሽኑ' ማለት ነው አሉ።"

"ትኩስ ላይ በረዶ? ፋሽን ነው ወይስ ጉንፋን?"

ሦስት ዓመት ሳህን እያጠብኩ የፓይ ጋጋሪውን እጅ ሳጠና ቆየሁ። እሱ ጡረታ ሲወጣ ዋና ሼፋችን ሚስ ዶሪስ ጠራችኝ።

"የነገውን የምሳ ግብዣ አላሞድ አንተ ሥራ። ከተሳካልህ ቦታው ያንተ ነው፤ ካልሆነ ወደ ሳህንህ።"

ወቅቱ የገና ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ቅቤ የነካውንማ ጭራሽ። ፖሙን በቅቤ አብስዬ ስኳር ጨመርኩበት። ዞር ስል የስኳሩና የጨው ባልዲ ጎን ለጎን ክዳናቸው ተከፍቷል። ከየትኛው እንደጨለፍኩ ጠፋኝ።

በሌሎቹ ጾሞች ፓይ መጋገር ስለማመድ የሚቀምስልኝ ሰይድ ነበር።

"ሰይድ፣ ቶሎ ና ቅመስልኝ።"

"ረመዳን ገባ እኮ፣ ጋሼ። የእርስዎን ጾም ሊጠብቁ የእኔን ሊያስፈቱ ነው?"

ሌላ ሰው ብጠይቅ ወሬው ሚስ ዶሪስ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ጭማቂውን ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ በሁለት ጣቴ አሸሁት። እንደ ማር ተሳበ። ጨው አይሳብም። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ወዲያው ሚስ ዶሪስ ከኋላዬ መጣች።

"ቀምሰኸዋል?"

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። "አልቀመስኩም፤ ጾመኛ ነኝ" አልኳት። ሰይድ ሰላጣው ላይ አቀረቀረ።

ማንኪያ አንስታ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"ጣፋጭነቱ ልክ ነው፤ ትንሽ ሎሚ ጨምርበት። ሌላ ጊዜ ስትጾም እኔን ጥራኝ። መቅመስ ሥራዬ ነው።"

ሎሚውን ግን አፌ ነጻ ቢሆን እኔም አገኘው ነበር።

መቅመስ ያልቻለ ጋጋሪ ሰው ይጠይቃል። ሥራው ይኸው ነው።

ቦታውን ያዝኩ። አይስክሬሙ ቀልጦ የተመለሰብኝ ሳህን የለም። ሦስት ሰው ሊጥ አስተማርኩ። አትላንታ ዳር፣ አቮንዴል እስቴትስ ቤት ገዛሁ። አንድም ጾም ሳልፈታ ጡረታ ወጣሁ።