ስድስተኛው ጥያቄ

ነገረኛዋ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ይህን የማወራው ግን ለነገር ብዬ አይደለም። እትዬ ቀስን ከሥራዋ ያስወጣናት ሁለት ነን፤ አንዱ ዲግሪ የምንለው አለቃችን ነው፣ ሌላዋ እኔ። እሱን ልጠላው እችላለሁ፣ በደንብም እጠላዋለሁ። ራሴን ምን ላድርገው?

እትዬ ቀስ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው "ቀስ በሉ" ስለሆነ ቀስ አልናት። እሷ ስትቀጠር አንሶላው በእጅ ነበር የሚታጠበው። ባሏን ቀብራ፣ የሟች እህቷን ልጅ አሳድጋ ድራ፣ ግራ ጉልበቷ እያበጠባት ትሠራ ነበር። ጡረታ ለመውጣት የቀራት አሥራ አራት ወር ብቻ ነበር። "እግሬ አሥራ አራት ወር ከቻለልኝ፣ ከዚያ በኋላ እኔም ቀስ እላለሁ" ትለን ነበር።

ክፍላችን አንድ ልማድ ነበረው። መሐል ላይ ትልቁ ካውያ አለ፤ እንደ እቶን የሚግል ጥቅል ብረት ነው። ሁለት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ያጎርሱታል፣ ሁለት ከወዲያ ይቀበላሉ። የማጠቢያው ደወል በጮኸ ቁጥር እትዬ ቀስ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ታደርግና ሁላችንም ቦታ እንቀያየራለን። እሳቱ ጋ የነበረችው ወደ ማጠፊያው፣ ያጠፈችው ወደ ጋሪው። የታመመች ወይም ያረገዘች ካለች ማጠፊያው ጋ ትቀራለች፤ ማንም ለምን አይላትም። በዚያች አራት አምስት ደቂቃ ውኃ እንጠጣለን፣ ሰው እናማለን። በአብዛኛው ዲግሪን ነው።

ዲግሪ መጀመሪያ ጋሪ ገፊ ሆኖ ነው የመጣው። አንሶላ ሳይቃጠሉ እንዴት እንደሚጎረስ እጁን ይዛ ያስተማረችው እትዬ ናት። ያኔ "አንቺ እትዬ፣ እናቴ" ይላት ነበር። ተማረ፣ ጎሽ፤ አለቃ ሆነ፣ ይሁን። አለቃ በሆነ ማግስት "እርስዎ" አላት። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ገፋ ማድረጉ ነው። ከዚያ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪውን ጀመረ፤ የድርጅት ባህሪና አመራር። የሰው ባህሪ የሚማር ሰው ቢያንስ ሰላምታ ያውቃል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! ሰኞ ሰኞ የተማረውን ይዞብን ይመጣል። አንድ ሰኞ "ቲም ነን" የሚል ወረቀት ለጠፈ፣ ከሥሩ የደመወዝ ቅጣት ማስታወቂያ። በሌላው ሰኞ ስልኩን ይዞ ጥግ ቆመና ስንቀያየር ደቂቃ መቁጠር ጀመረ።

ከዚያ መጠይቁ መጣ። ለመመረቂያ ጥናቱ ነው፤ ስም አይጻፍም፣ ምስጢር ነው፣ ለትምህርት ብቻ ነው። ስድስተኛው ጥያቄ "በሥራ ላይ ሲቸግርዎ መጀመሪያ ወደ ማን ይሄዳሉ?" ይላል።

ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። ገሚሱ መጻፍ አይሆንለትም፤ ስለዚህ የአሥራ አንዱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሞልቼ ብቻ ብተው ምናለ! እየዞርኩ "ሁላችሁም እትዬን በሉ፤ ይህ ወረቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሽልማት ባይሰጧት አንድ ወንበር አይነፍጓትም" አልኩ። እሷ ራሷ ለመነችኝ፦

"ተይኝ ልጄ። በወረቀት የተነሳ ስም ደግ አያመጣም።"

"አንቺ ደግሞ! ሁሌ መፍራት ነው" አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። የጣልኩት ደግሞ ከራሴ ብብት አይደለም።

በሳምንቱ ዲግሪ ሰበሰበን። ሰሌዳው ላይ ሃያ ሁለት ክብ ሥሎ ቀስት አሰመረባቸው። አሥራ ዘጠኙ ቀስት አንዷ ክብ ላይ ይሄዳል። ወደ እሱ የሄደ አንድም የለም። ፊቱ ጠቁሯል። "ይህ ክፍል ሁለት መሪ አለው ማለት ነው" አለ። "በትምህርቱ መደበኛ ያልሆነ መሪ ይባላል። ካልተያዘ የለውጥ እንቅፋት ነው።" አንዷ አጣፊያችን መሪ ሲል ሰምታ፣ ሽልማቱ የደረሰ መስሏት አጨበጨበች። ብቻዋን። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እትዬ ቀስ በማግስቱ ምድር ቤት ተመደበች፤ የቆሸሸ ልብስ መለያ ክፍል፣ ብቻዋን፣ ሃያ አራት ደረጃ ወርዳ። መቀያየርም ቀረ። እያንዳንዳችን ቋሚ ቦታ ተሰጠን፣ የባከነው ደቂቃ ተረፈ ተባለ። አራት ወር ሙሉ ያንን ደረጃ በዚያ ጉልበት ወጣች ወረደች። በአምስተኛው ወር የልብስ ከረጢት እንደታቀፈች ወደቀች። ከዚያ ወዲያ መቆምም አቃታት። "በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ጻፊልኝ፣ አለቃ እንደዚያ ይሁን ብሏል" አለችኝ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጽፍላታል ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ወር ሲቀራት። ወይ ነዶ!

ከዚያ ካውያው አበደ። ከሰዓት ከሰዓት አንሶላውን እየያዘ ማሳረር ጀመረ። መካኒክ መጣ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ደህና ነው ብሎ ሄደ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ያረረውን ጨርቅ በጋሪ መለሰልን። ሥራ አስኪያጁ ዲግሪን ጠርቶ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሲመለስ ግን አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ገብቶ ነበር። እውነት ለመናገር፣ እሰይ አልኩ።

እሑድ እትዬ ቤት ጉልበቷን በሙቅ ውኃ እያሸሁላት በሩ ተንኳኳ። ዲግሪ! ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ። እኔን ሲያይ ሊመለስ ቃጣው፣ ግን ተቸግሯል።

"እትዬ" አላት፤ እርስዎ የለ ምን የለ፤ "አንቺ እናቴ፣ ካውያውን ምን ላድርገው? ሊያባርሩኝ ነው።"

"እሷን እንዳባረርካት?" አልኩት። አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

"ቀስ በይ" አለችኝ። ወደ እሱ ዞረች። "ደወሉ ሲጮኽ የምንቀያየረው ለእኛ ብቻ ነው እንዴ? ብረቱም ያርፋል። ካላረፈ ያርራል። ሴቶቹም እንደዚያው ናቸው። ይህን ሳልነግርህ ቀርቼ ነው?"

ልጁ የሚያውቀውን ነው የነገረችው፤ አብሯት ዓመታት ተቀያይሯል። ብርቱካኑን አስቀምጦ ሄደ። እኔ ብሆን በሩንም አልከፍትለት፤ እሷ ጭራሽ "እራት ሳትበላ?" ትለዋለች! ወደ ሥራዋ ስለመመለስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ባጎረስኩ ተነከስኩ ይላሉ፤ እሷ የተነከሰ እጇን መልሳ አጎረሰችው።

ሰኞ ደወሉ ሲጮኽ "ተቀያየሩ" ብሎ አዘዘ። ካውያው ተሻለው። በጥናቱ ላይ "ተመራማሪው ያስተዋወቀው የሥራ ሽክርክር" ብሎ ጻፈው አሉ። መምህራኑም ረቂቁን አይተው ከፍተኛ ውጤት ሰጡት፣ የሆስፒታሉ ጋዜጣም ፎቶውን አወጣ። ጥናቱ ላይ የቀረችው አንዲት ገጽ ናት፤ ከለውጡ በኋላ ሠራተኛው ምን ይላል የምትለዋ።

ለዚያች ገጽ ብሎ ያንኑ መጠይቅ እንደገና በተነ። ስም አይጻፍም፣ ምስጢር ነው። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ ሙዪልን አላሉኝም፤ የማይጽፉት በልጆቻቸው አስሞልተው፣ ስድስተኛውን ግን ሁሉም ባዶ ትተው አንድ በአንድ መለሱለት። እኔ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ስድስተኛውም ይሞላ" አለኝ። ጥያቄው ያው ነው፦

"በሥራ ላይ ሲቸግርዎ መጀመሪያ ወደ ማን ይሄዳሉ?"

"አለቃዬ ሲቸግረው ወደ ሄደበት ቤት" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም አስቀምጬ፣ ፈርሜ ሰጠሁት።