በአከራያችን እጅ የነበረው ብርሃን

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አዘዞ በሚገኘው ቤቴ፣ የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ተነቅሎ በቦታው ዲመር ተገጠመ። ሠራተኛው ከቆጣሪው ኃይሉን ዘጋ፤ ሽቦዎቹን በቴስተር ፈተሸ፤ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አሰረ። መብራቱ ሲመለስ እንደ ሬዲዮ የሚዞረውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ አዞረና ክፍሉን አደበዘዘው። «ለዓይን ይመቻል» አለኝ።

ይህን ዕቃ ያወቅኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ቁስቋም አጠገብ ከአንዲት የጭልጋ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። የሺ ትባላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአይከል በሚመጣው አውቶቡስ በሶና ድርቆሽ ይላክላታል፤ ጆንያው ሲፈታ ክፍሉ በመንገድ አቧራና በተቆላ ገብስ ሽታ ይሞላል። ፈተናውን ካላለፈች አባቷ ለአንድ ጎልማሳ ሊድራት ቃል ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ከመጽሐፍ ላይ አትነሳም።

አከራያችን እትዬ አሰገደች ነበሩ። ልጃቸው በመተማ በኩል ከሱዳን ዲመር ይዞ መጣ። የእኛን ማብሪያ ማጥፊያ ነቅሎ፣ ሽቦውን በግድግዳው አሻግሮ፣ ዲመሩን በእናቱ አልጋ ራስጌ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ብርሃናችን እንደ ጠባያችን ሆነ። ውሃ ካፈሰስን ይቀንሳል፤ እንግዳ ከመጣብንም ይቀንሳል።

«እትዬ፣ ኧረ ትንሽ ከፍ ያድርጉልን!» ስል ከግድግዳው ማዶ ይስቃሉ።

«ምነው፣ የተከራየሽው የፋሲልን ግንብ ነው እንዴ? በዚህ ያላጠናሽ በፀሐይም አታጠኚ!»

የሺ ከየካቲት ጀምሮ ማታ ማታ «ዛሬ ደግሞ ባሰ» ማለት አመጣች። መጽሐፉን እስከ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ቀን ቀን የደጃፉ ድንጋይ ያደናቅፋታል። እትዬ «ደንባራ» የሚል ስም አወጡላት፤ ግቢው ሁሉ ተቀበላቸው። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ዓይኗን የሚያደክመው የማታው ብርሃን መሆኑን አልተጠራጠረችም፤ እኔም አልተጠራጠርኩም። በዚያ ቤት ለጨለማ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ምሽት ልጃቸው ከመተማ ተመለሰ። ጭቅጭቃችን ቢሰለቸው ዲመሩን እስከ መጨረሻው አዞረው። አምፖሉ ነጭ ሆነ፤ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጆንያው ስፌት ሳይቀር ታየኝ።

የሺ ከመጽሐፉ ቀና አለች። «ይኸው፣ አሁንም ዝቅ አደረጉት።»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምን አልኳችሁ! ለባላገር ፀሐይ ቢያወጡላትም አይበቃት» አሉ። ልጃቸውም ሳቀ።

ጣቶቼን ፊቷ ላይ ዘረጋሁ። «ስንት ነው?»

«አትቀልጂ አንቺ፣ በዚህ ጨለማ ማን ያያል?»

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ መቼ እንደጀመራት ሲጠይቃት «መብራቱ ከተቀየረ ወዲህ» አለችው። የዓይኗ ግፊት ጨምሮ ነርቩን እንደጎዳው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ የዓይኗን ብርሃን ማትረፍ ይቻል እንደነበር ነገራት። አባቷ መጥቶ እጇን ይዞ አውቶቡስ ላይ አወጣት። ቃል የተገባለት ጎልማሳ ሌላ አገባ። እትዬ አልጋዋን በዚያው ሳምንት ለሌላ ተማሪ አከራዩት።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ክፉ ነገር ዘግቤያለሁ። እንደዚያ ሁሉም ሰው፣ የተጎዳችው ጭምር፣ እየሳቀ ያለፈበት ግን አላስታውስም።

ሠራተኛው ከሄደ በኋላ አይከል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወንድሟ ነው። በሕይወት አለች፤ አላገባችም፤ ከከተማው ወጣ ባለው መንደራቸው ከእሱ ጋር ትኖራለች። መንደሩ መብራት የገባለት ዘንድሮ ነው።